ፊቴን ወደ በሩ ያዞረችው ልጄ

በፍልሰታ ጧት ጧት የሰፈራችን ልጆች ቆርበው ሲመለሱ አይናገሩም። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ጭቃውን እየመረጡ አንድ ባንድ ይመጣሉ። ልጄ በራችን ላይ ቆማ ታያቸዋለች። በሌላ ቀን ሲጫወቱና ሲጯጯሁ የምታየው የከንፈራቸውን መንቀሳቀስ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ግን ማንም አይጮህም። ሁሉም እሷን ይመስላሉ።

ልጄ አትሰማም፤ አትናገርምም። ገና ጡት ሳትጥል ጽኑ ትኩሳት ያዛት። ትኩሳቱ ሲለቃት መስማቷን ይዞ ሄደ። እሷን ስለተወልኝ እግዜርን አመሰገንኩ፤ አሁንም አመሰግናለሁ።

የምንኖረው ቡሬ ነው። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ወፍጮ ቤት ሞተሩ ከተነሣ ሰው በአፉ አይነጋገርም። ይላም ለማለት ጣት ከጣት ይፈተጋል፤ በቃ ለማለት መዳፍ ይገለበጣል፤ የማን ነው ለማለት አገጭ ወደ ላይ ይነሣል። ልጄ የመጀመሪያ ቋንቋዋን ያገኘችው እዚያ፣ ዱቄቱ መሐል ነው። የቀረውን እኔና እሷ እቤት ጨመርንበት። መስማት ለተሳናቸው የተከፈተ ክፍል አለ ተብሎ አስመዝግበናት ነበር፤ አገሩ ሰላም አጥቶ ትምህርት ሲቋረጥ እሱም ተቋረጠ። ስለዚህ የምታውቀው የእኛን የቤት ምልክት ብቻ ነው። አባቷ ግማሹን ያነባል። ሙሉውን የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

እኛ ካቶሊኮች ነን። እዚህ አገር ጥቂት ነን። ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክስ ናቸው፤ አብረን እንጾማለን፣ አብረን እናለቅሳለን። ቁምስናችን፣ የምንቆጠርበት ቤተ ክርስቲያን፣ ፍኖተ ሰላም ስለሆነ መንገዱ ሰላም በሆነበት እሑድ በሚኒባስ እንሄዳለን። ካልሆነ እቤታችን እንጸልያለን።

አምና በፍልሰታ ልጄ ከበሩ ተመልሳ ወደ እኔ መጣች። የነጠላዬን ጫፍ ያዘችና አፌ ላይ አደረገችው። ቀጥላ የራሷ አፍ ላይ። ከዚያ ደረቷን ነካች። እኔስ? ማለቷ ነው።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልጆች የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉት ነገሩን ለይተው ሲያውቁ ነው። ሳይቆርቡም በፊት ይናዘዛሉ። ይህን አጥር ለምንጋራቸው ለአሮጊቷ ጎረቤቴ ስነግራቸው እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ኧረ በማርያም! ይቺን ነፍስ ምን ኃጢአት ኖሯት ነው? በእኛ ቢሆን ገና ባንቀልባ ሳለች ታቆርቢያት ነበር።»

«የየቤቱ ሥርዓት ነው፣ እትዬ።»

«ሥርዓቱስ ይሁን። በምን አፏ ትናዘዛለች?»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ነገርኳቸው። አባ ሸምገል ያሉ ካህን ናቸው፤ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ከንፈራችንን ታያለች።

«አባ፣ እንዲያው ዝም ብለው አያቆርቡልኝም? እግዜር ይረዳታል።»

«ላቆርባት እችል ይሆናል» አሉኝ። «ግን ልጅቱን አያታለሁ። ሁሉም ነገር ይገባታል። የማይገባት አድርጌ ባልፋት እበድላታለሁ።»

«እንግዲያ እኔ አስተረጉማለሁ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። «ቤተ ክርስቲያን አስተርጓሚ ትፈቅዳለች። አስተርጓሚውም የሰማውን እንደ ካህኑ ይዞት ይቀበራል። ግን ተናዛዡ ከፈቀደ ነው። እሷ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት።»

«የኔን ሐሳብ ሁሉ ታውቃለች፣ የሷንም ሁሉ አውቃለሁ።»

«ጠይቂያት» አሉ ደግመው። «የቁምስናችን ሌሎች ልጆች በሚመጣው የፍልሰታ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆርባሉ። ዋዜማውን ይናዘዛሉ። እሷም የምትቀበለው ምን እንደሆነ ካወቀችና ከተናዘዘች አብራቸው ትቆርባለች። ካልደረሰላት ግን አንቸኩል፤ ሌላ ዓመት አለ።»

ለልጄ ሌላ ዓመት አልታየኝም። አንድ ዓመት ሙሉ በራችን ላይ ቆማ ስትጠብቅ ብቻ ታየኝ።

ሌሎቹ ልጆች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይማራሉ። እሷን የማስተምራት እኔ ነኝ፣ እቤት፣ ከሥራ መልስ። እጅግ የፈራሁት ኅብስቱ የጌታ ሥጋ መሆኑን ማስተማሩን ነበር። ግድግዳችን ላይ የጌታ ስቅለት አለ። ጣቷን ይዤ ችንካሩን አስነካኋት። ዳቦ ቆርሼ አሳየኋት። ከዚያ ወደ ስቅለቱ አመለከትኩ። ግንባሯን ቋጠረች። ቀጥላ በእጇ መናገር ጀመረች። መጀመሪያ የስንዴ ፍሬ ቆነጠረች። ከዚያ የወፍጮውን መዞር አሳየች። ከዚያ ክንዶቿን እንደ ስቅለቱ ዘረጋች፤ እንደተዘረጉም ወፍጮውን ደግማ በጣቷ አዞረች። በመጨረሻ መዳፏን ወደ አፏ ወሰደች።

ወፍጮውን እኔ አላስተማርኳትም። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። የሸሚዙን ዱቄት ማራገፉን ትቶ ቁጭ አለ። «ስንት ዘመን ስፈጭ እሱን አስቤው አላውቅም» አለኝ።

አስቸጋሪው ኃጢአት ሆነ።

ኃጢአት በእጅ ምን ይመስላል? ነጭ ነጠላ አመጣሁ። ጭቃ አስነካሁት። ፊቴን አጨማደድኩ። በሳሙና አጠብኩትና ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፤ ፊቴን ፈታሁ። ከዚያ የአባን መስቀል በጣቴ ሠራሁላት፤ አባ ዘንድ ሄዶ መናዘዝ ማለታችን ነው። ራሷን ነቀነቀች። ገባት ብዬ ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ልብሷን ሁሉ አውጥታ አጠበች። ቀጥላ ጫማችንን። ከሰዓት ጎረቤቴ በአጥሩ ጠሩኝ።

«አንቺ! ነይና እይልኝ! ልጅሽ የበጌን እግር ታጥባለች።»

ሮጬ ብሄድ በጉን በጉልበቶቿ መሐል ይዛ ሰኮናውን በሳሙና ትፈትጋለች። ለአሮጊቷም የመስቀል ምልክት አሳየቻቸው።

«ምን ትላለች?»

«አባ ዘንድ ይሂድ ነው የምትል።»

«በጌ? በጌ ምን በድሎ?» ሳቃቸው እስከ መንገድ ተሰማ። «እሱስ ጎመኔን በልቶብኛል፣ ይናዘዝ!»

ሐምሌ ላይ ወደ ፍኖተ ሰላም ስንሄድ ደግሞ ማንኩሳ ላይ አንድ ገበሬ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ከእርሻ የመጣ ነው፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ልጄ እግሩን አየች። ቀና ብላ ፊቱን አየች። አዘነችለትና በጣቷ መስቀል ሠራችለት።

«እታለም፣ ልጅቱ ምን አለችኝ?»

አፈርኩ። «ይናዘዝ ነው የምትል፣ አባቴ። ልጅ ናት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ገበሬው እግሩን አየ፤ ከዚያ ተሳፋሪውን ሁሉ። «ማን ነገራት?» አለ። ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ። እሱ ግን ወደ ልጄ ጠጋ ብሎ ሳይስቅ እንዲህ አለኝ፦ «እግሬን አይታ ነው እንዲህ ያለችው። ልቤን ብታይማ ከመኪናው ታስወርደኝ ነበር።»

እኔም ሳቅሁ። ግን ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ውስጤ ከበደኝ። ልጄ ኃጢአት ማለት ጭቃ መስሏታል። ክረምት ነው፤ ሰው ሁሉ በጭቃ ይሄዳል። ያስተማርኳት ድሃን እንድትጸየፍ ነበር ማለት ነው። ፍልሰታ ደግሞ ቀርቧል።

ነጠላውንም ሳሙናውንም ተውኩት። ሌላ የማሳያት ነገር አላገኘሁም። እየጸለይኩ ጠበቅሁ።

ነሐሴ እንደገባ ልጄ ከአሮጊቷ የልጅ ልጅ ጋር ተጣላች። እኩዮች ናቸው፤ ልጄ ባትሰማትም ያቺ ልጅ ትግባባታለች። የተጣሉት በእሸት በቆሎ ነው። ከጓሯችን ቀድሞ የደረሰውን ልጄ ጠብሳ ብቻዋን በላችው፤ ጓደኛዋ አየች። ከዚያ ወዲያ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ አንዷ ላንዷ ጀርባዋን ትሰጣለች።

ጀርባ በቤታችን ከባድ ነገር ነው። ልጄ ስትቆጣኝ ጀርባዋን ትሰጠኛለች። ጀርባዋን ከሰጠችኝ በምንም አላገኛትም፤ ብጠራት አትሰማ፣ እጄን ባነሣ አታይ። እኔም በጣም ካጠፋች እንደዚያው አደርግ ነበር። እናም ገና ስዞር ታለቅሳለች። ስለዚህ የኩርፊያ ምልክታችን ጀርባ ነው፤ የዕርቅ ምልክታችን ፊት ነው።

ያን ቀን ከሰዓት ልጄ ደጃፍ ላይ አኩርፋ ተቀምጣለች። የበቆሎው ፍሬ ቢያልቅም ቆረቆንዳው እጇ ላይ ነው። እኔ ቆሜ ሳያት ነገሩ መጣልኝ። እጇን ይዤ ወደ ስቅለቱ ወሰድኳት። ቆረቆንዳውን አሳየኋት። በአጥሩ በኩል ወደ ጓደኛዋ አመለከትኩ። ቀጥዬ ለስቅለቱ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ልጄ ደነገጠች። ወደ ስቅለቱ አየች። ወደ ጀርባዬ አየች። ለሱ? አለችኝ በአገጯ።

አዎ አልኳት። ቀስ ብዬ ዞርኩና ፊቴን ሰጠሁት። የአባን መስቀል በጣቴ ሠራሁ።

ቆረቆንዳው ከእጇ ወደቀ። ብዙ አልቆየችም። ወደ ጓሮ ወጣችና የቀረውን አንድ እሸት ቆርጣ ጥሬውን ይዛ በአጥሩ ሾለከች። ሲመሽ ሁለቱም እሸቱን ጠብሰው፣ አፋቸው ጥቁር ሆኖ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው።

የፍልሰታ ዋዜማ መንገዱ ሰላም ነበር። ባለቤቴ ወፍጮውን ዘግቶ አብሮን መጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ በክረምት ሰባኪው ዝናቡ እስኪያባራ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ዕለት ግን ካፊያ ብቻ ነበር። አባ ከመቅደሱ በስተቀኝ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ በተራ ቀርበው ይንበረከካሉ፤ በአባ ጆሮ ሹክ ይላሉ፤ መስቀል ተሳልመው ይነሣሉ። ልጄ ሁሉንም በዓይኗ ትከተላለች። ያቺ ጆሮና አፍ የሚገናኙባት ቦታ ለሷ የለችም።

ተራችን ሲደርስ እኔም ቀረብኩ። አባን በግራዬ፣ ልጄን ፊት ለፊቴ አድርጌ ተንበረከክሁ። ስለምትናዘዘው በየቀኑ ስንለማመድ ቆይተናል። ለጎረቤት ልጅ ጀርባ መስጠቷን፣ አባቷን መቆጣቷን፣ ስኳር ማንሣቷን ሁሉ አውቀዋለሁ። እጆቿን እስክታነሣ ጠበቅሁ።

እጆቿ ከነጠላዋ ሥር አልወጡም።

ንገሪኝ አልኳት። ራሷን ወዘወዘች። እንደገና አልኳት። ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

«አባ፣ አፍራ ነው። እኔ የነገረችኝን ልንገርዎት?»

«ዝም በይ፣ ልጄ። እሷ ትናገር።»

ጠበቅን። ከበስተኋላችን የሚጠብቁት ልጆች እግር መንቆራጠጥ ጀመረ። ከሁሉም በኋላ ያለው ባለቤቴ ሲያስል ሰማሁ። ሳል የለበትም። ሳትናዘዝ ልትቀር ነው አልኩ በልቤ። ነገ እነዚህ ሁሉ ልጆች ሲቀርቡ እሷ በሩ አጠገብ ልትቆም ነው። እመቤቴ ሆይ ብዬ መጨረስ አቃተኝ።

ያን ጊዜ ልጄ ተነሣች። ወደ እኔ መጣች። ሁለቱን ትከሻዎቼን ያዘችና ገፋ አድርጋ ወደ በሩ አዞረችኝ።

ጀርባዬን ለራሷ አደረገችው። በኛ ቤት ይህ የሚደረገው በቁጣ ነው። ዞሬ ላያት ሞከርኩ። እንደገና አዞረችኝ፤ ግን እጇ የተቆጣ ሰው እጅ አልነበረም። ትከሻዬን ዳበሰችኝ።

«ምን አለች?» አሉ አባ።

«ዙሪ ነው የምትለኝ።»

«እንግዲያ ዙሪ።»

«አባ፣ እጇን እኮ አያውቁትም። ምን እንዳለች አይገባዎትም።»

«የገባኝን በገባኝ፣ ያልገባኝን ባልገባኝ አቀርብለታለሁ። ተነሥተሽ ትንሽ ራቅ በይ።»

ተነሣሁ። ጥቂት ርቄ ወደ በሩ ዞሬ ቆምኩ። በሩ ክፍት ነው። ዝናቡ ይታያል፤ ከዝናቡ ወዲያ የባሕር ዛፎቹ። ልጆቹ እኔን ያያሉ፣ ከኔ ኋላ ያለውንም ያያሉ። እኔ ብቻ አላይም።

ልጄን ከወለድኳት ጀምሮ በዓይኔ ነበር የምሰማት። ሳላያት ምንም ነግራኝ አታውቅም። አሁን ጀርባዬን ሰጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ ሰማኋት። የነጠላዋ ኮሽታ ተሰማኝ። መዳፏ መዳፏን ሲነካ ተሰማኝ። ደረቷን ስትመታ። እግሯ መሬቱን አንድ ጊዜ ሲረግጥ። ከጉሮሮዋ የምትወጣ አንዲት ትንሽ ድምፅ አለች፤ ስታለቅስ ብቻ የምትወጣ። እሷም ተሰማችኝ። መዞር አማረኝ። የነጠላዬን ጫፍ አጥብቄ ያዝኩ።

ከዚያ ድምፁ ሁሉ ቆመ። ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ብቻ ቀረ። ልጄ ምን እያለች እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማላውቀው ነገር እንዳላት ያወቅሁት ያኔ ነው። ከኔ ሆድ ወጥታ፣ ከኔ እጅ ቋንቋ ተቀብላ፣ እኔ የማልገባበት ስፍራ ከፈጣሪዋ ጋር ቆማለች። እዚያው በሩን እያየሁ ተንበረከክሁ።

አባ የኃጢአት ይቅርታውን የፍትሐት ጸሎት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት። እንደማትሰማ ያውቃሉ። ለማንም ልጅ ከሚሉት ቃል አንድ አላጎደሉም። ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል አሉት። መስቀሉን ስትሳለም የከንፈሯ ድምፅ ተሰማኝ።

የእግሯ ኮቴ ወደ እኔ መጣ። በፊቴ በኩል ዞራ መጥታ ተንበረከከችና ፊቷን ለፊቴ ሰጠችኝ። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ ፊቷ ግን የበራ ነው። ምን እንዳለች አልጠየቅኋትም።

እዚያው አደርን፤ በማግሥቱ ጧት ፀሐይ ወጣ። ልጆቹ ነጭ ለብሰው ተሰልፈው ቀረቡ። ልጄ ከመሐላቸው ናት። ቅዳሴው ሲዜም አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ እሷም የነሱን እያየች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ተራዋ ሲደርስ አባ ለሌሎቹ የሚሉትን ለሷም አሉ። አፏን ከፈተች። ሥጋውንና ደሙን ተቀበለች። ወዲያው ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ይህን በእኛ ቤተ ክርስቲያን ያስተማራት የለም፤ ያየችው ከበራችን ላይ ሆና ነው። ከኋላዋ የቆረቡት ልጆች እሷን አዩና እነሱም ነጠላቸውን ሳቡ።

ባለቤቴ ከጎኔ ቆሞ ነበር። በወፍጮ ቤቱ ምልክት፣ መዳፉን ገልብጦ፣ በቃ አለኝ። ዱቄቱ ልሞ ሲወርድ እንደሚለው ነው። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ።

ልጄ እስከ ቡሬ ድረስ ነጠላዋን ከአፏ አላወረደችም። ተሳፋሪው ሁሉ ያያታል። ማንም አልሳቀም። አንዲት ሴት መቀመጫዋን ለቀቀችላት።

ስንደርስ አሮጊቷ ከልጅ ልጃቸው ጋር በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ያቺ ልጅም ጧት ቆርባ ነበር፤ አሁን ግን አፏን ገልጣ ትሮጣለች። ልጄን ስታያት ቆመች። አንገቷ ላይ የተጠቀለለውን ነጠላ ፈትታ እሷም አፏ ላይ አደረገችው። ሁለቱ ከነጠላው በላይ በዓይናቸው ተያዩ።

«እሰይ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ!» አሉ አሮጊቷ። ሳሙኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «በይ ንገሪኝ እስቲ፣ ያቺ ነፍስ ምን ተናዘዘች?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ምን አላውቅም ትያለሽ? አስተርጓሚዋ አንቺ አይደለሽ?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር የቆምኩ። እሷ ናት ያዞረችኝ።»

አሮጊቷ ልጄን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት።